«ኤክስኤምኤል ጽሑፍ ብቻ ነው» ለሚለው ምክር የተሰጠ ምላሽ

ከዳታቤዝ መዝገብ አውጥቶ በኤክስኤምኤል (መረጃን ታግ በሚባሉ መክፈቻና መዝጊያ ምልክቶች አጥሮ በሚያስቀምጥ ቅርጽ) ፋይል ስለማስቀመጥ ለጀማሪ ፕሮግራመሮች በአማርኛ የተዘጋጀ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ደረሰኝ። ስለ ኮድ በራሳችን ቋንቋ የሚጻፈው ጥቂት ስለሆነ ደስ እያለኝ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ጸሐፊው ግልጽ አድርገው ያስረዳሉ፤ ምሳሌዎቻቸው አጭርና ለመቅዳት የሚመቹ ናቸው። ያሳሰበኝም ይኸው ነው። ለመቅዳት የሚመች ስህተት በጀማሪው እጅ ወደ ሆስፒታል፣ ወደ ባንክ፣ ወደ ቀበሌ መዝገብ ይገባል።

ምክራቸው ባጭሩ እንዲህ ይላል። ኤክስኤምኤል ዘመኑ ስላለፈ ካልተገደዳችሁ አትንኩት። ከተገደዳችሁ ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ) አያስፈልግም፤ በሉፕ ስትሪንግ (የጽሑፍ ቁራጭ) እየቀጠላችሁ ጻፉት። አስቸጋሪ ምልክት ካጋጠማችሁ ሲዳታ በሚባለው፣ ይዘቱ እንደ ተራ ጽሑፍ በሚነበብበት አጥር ውስጥ ክተቱት። የታጎቹን ስም ከዳታቤዙ ኮለሞች (ዓምዶች) ውሰዱ፤ በአማርኛ ቢሆኑም ችግር የለም። የአማርኛውን ይዘት ለጥንቃቄ ወደ ቁጥር ኮድ ለውጡት። ቀን ሲሆን ተጠቃሚው እንደሚያየው በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስቀምጡ። ባዶ የሆነውን ባዶ ተዉት። መዝገቡን ሁሉ በአንዴ አምጥታችሁ ጻፉ፤ ሜሞሪ ካልበቃ በገጽ ከፋፍሉት። እግረ መንገዳችሁንም ሰ እና ሠን፣ ሀ እና ሐን አንድ አድርጉ። ፋይሉ በብራውዘር ከተከፈተ ሥራው አልቋል።

በአንድ ነገር ከእርሳቸው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ የምትፈልጓቸውን ኮለሞች በስም ጥሩ እንጂ በኮከብ ምልክት ሁሉንም አታምጡ ብለዋል። ኮከቧ የይለፍ ቃል ኮለምንም ይዛ ትወጣለች። ከዚያ በኋላ ግን መንገዳችን ይለያያል። ፋይሉን የሚቀበለው ሰው ዳታቤዛችሁን አያየውም፤ በእጁ ያለው ፋይሉ ብቻ ነው። ከፋይሉ ተነስቶ በዳታቤዙ የነበረውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ማግኘት ካልቻለ መዝገቡ አልተላለፈለትም ማለት ነው። የጽሑፉን ነጥቦች አንድ በአንድ የማያቸው በዚህ መለኪያ ነው።

«ኤክስኤምኤል ሞቷል»

ዛሬ ከባንክ ወደ ባንክ ድንበር ተሻግሮ የሚላክ የክፍያ መልእክት በምን እንደሚጻፍ ጸሐፊው አላነሱም። ባንኮች መልእክት የሚለዋወጡበት መረብ የሆነው ስዊፍት እነዚህን መልእክቶች አይኤስኦ 20022 ወደተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ማዞር የጀመረው እ.ኤ.አ. በማርች 2023 ሲሆን፣ የቀድሞው የክፍያ ትእዛዝ ቅርጽ ጎን ለጎን እንዲሠራ የተሰጠው ጊዜ ያበቃው በኖቬምበር 2025 ነው። አዲሱ ቅርጽ ኤክስኤምኤል ነው። የጤና ተቋሞቻችን ሪፖርት የሚገባበት ዲኤችአይኤስ 2 ከሚቀበላቸው ቅርጾች አንዱ የሆነው ኤዲኤክስም ኤክስኤምኤል ነው። በኦዲኬ በታብሌት ለሚሞላ የዳሰሳ ጥናት መጠይቁም ምላሹም ከስር ኤክስኤምኤል ናቸው። በየቢሮው በየቀኑ የሚከፈቱት የዎርድና የኤክሴል ፋይሎችም ቢሆኑ ከ2007 የኦፊስ እትም ወዲህ ታጥፎ የተጨመቀ ኤክስኤምኤል ናቸው።

ለሞባይል መተግበሪያ ጄሶን የሚባለው ሌላ የመረጃ ቅርጽ ይሻላል ካሉ አልከራከርም። በኤክስኤምኤል ፈንታ ሲኤስቪ (መረጃን በነጠላ ሰረዝ የሚለይ ተራ ፋይል) ይበቃል የሚለውን ግን አልቀበልም። አማርኛ ያለበትን ሲኤስቪ ኤክሴል ላይ ሁለቴ ጠቅ አድርጎ የከፈተ ሰው የሚያየውን ዝብርቅርቅ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ፋይሉ ኢንኮዲንጉን (ፊደላቱ ወደ ባይት የተለወጡበትን ሥርዓት) የሚናገርበት ቦታ የለውም። በ09 የሚጀምር ስልክ ቁጥርም ኤክሴል እንደ ቁጥር ስለሚቆጥረው ዜሮውን ያጣል። ደግሞም መሀል ላይ የተቆረጠ ሲኤስቪ ሙሉ ፋይል ይመስላል፤ ኤክስኤምኤል ግን የመጨረሻው መዝጊያ ታግ ከሌለው ፓርሰሩ (ፋይሉን የሚያነበው ፕሮግራም) አልቀበልም ይላል። መብራት በሚጠፋበትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አገር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

«ላይብረሪ አያስፈልግም፣ ስትሪንግ ቀጥሉ»

የጽሑፉ ምሳሌ ሦስት ሰዎች የተመዘገቡበት ሠንጠረዥ ስለሆነ በርግጥ ይሠራል። የድርጅት ስም ያለበት ሠንጠረዥ ላይ ግን «ከበደ & ልጆቹ» የሚል አንድ መዝገብ ይበቃል፤ ፓርሰሩ & ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሺህ መዝገቦች ሁሉ አይነበቡም። በላቲን ፊደል በተጻፈ የአፋን ኦሮሞ ስም ውስጥ ሁዳ የሚባለው ምልክት (') አለ። ስሙ በነጠላ ጥቅስ በታጠረ አትሪቢዩት (በመክፈቻ ታጉ ውስጥ በሚጻፍ ዋጋ) ውስጥ ከገባ ሁዳው ጥቅሱን ይዘጋዋል። የሰውዬው ስም ምንም ስህተት የለበትም፤ ስህተቱ የኮዱ ነው።

ከዚህ የከፋውም አለ። ስም እንዲሞላበት በተሰጠ ሳጥን ውስጥ አንድ ሰው ይህን ቢጽፍስ፦

አበበ</ስም><ሚና>አስተዳዳሪ</ሚና><ስም>

በስትሪንግ የተቀጠለው ፋይል ለፓርሰሩ እንከን የለውም፤ ተቀባዩ ዘንድ ግን አበበ አስተዳዳሪ ሆኖ ይመዘገባል። በኤስኪውኤል ኪውሪ (ለዳታቤዝ በሚላክ ጥያቄ) ውስጥ ስትሪንግ እንዳንቀጥል ለዓመታት የተመከርንበት ምክንያት እዚህም እንዳለ ይሠራል።

ኤክስኤምኤል ይዘት ውስጥ ለሚገቡ ለእነዚህ ምልክቶች የደነገጋቸው ምትክ ኮዶች አሉ። «መተኪያውን እኔው እጽፈዋለሁ» የሚል ካለ ቅደም ተከተሉን ይጠንቀቅ። መጀመሪያ መተካት ያለበት & ነው። ሌሎቹ ቀድመው ከተተኩ፣ መተኪያቸው ራሱ በ& ስለሚጀምር ሁለተኛ ጊዜ ይተካና ይዘቱ ይበላሻል። ይህ ሁሉ በጃቫ፣ በዶትኔት፣ በፒኤችፒም ሆነ በፓይተን ከቋንቋው ጋር አብሮ በሚመጣ ጸሐፊ ላይብረሪ ተሠርቶ የተቀመጠ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ የሚጫን ነገር እንኳ የለም።

ሲዳታም መፍትሔ አይሆንም። ሲዳታ የሚዘጋው በ]]> ነው፤ ይዘቱ ውስጥ ይህ ከመጣ አጥሩ እዚያው ይፈርሳል። በተጨማሪ ሲዳታ የማያድነው ሌላ ዓይነት ምልክት አለ። በኤክስኤምኤል 1.0 ከ32 በታች ካሉት የመቆጣጠሪያ ኮዶች የተፈቀዱት 9፣ 10 እና 13 ብቻ ናቸው፤ ታብ፣ አዲስ መስመርና የመስመር መመለሻ። ሌላው በሲዳታም ቢከተት፣ በ&#11; መልክ ቢጻፍም አይፈቀድም። ኮድ 11 ከየት ይመጣል ለሚል ደግሞ፣ ዎርድ ላይ ሺፍትና ኤንተር ተጭኖ መስመር የወረደበትን ጽሑፍ ቀድቶ ሳጥን ውስጥ የለጠፈ ጸሐፊ በየቢሮው አለ። ኤለመንትትሪ የተባለው የፓይተን ላይብረሪ ይህን ኮድ ዝም ብሎ ይጽፈዋል፤ ችግሩ የሚታየው ተቀባዩ ዘንድ ነው። የዶትኔቱ ኤክስኤምኤል ራይተር ግን እዚያው ስህተት ብሎ ያቆማል፤ እኔ የምመርጠውም ይህን ነው። ምልክቷን በዝምታ ማጥፋትም አልደግፍም። በምን እንደምትተካ ከተቀባዩ ጋር ተስማምቶ፣ የተነካውን መዝገብ መለያ ቁጥር በሎግ (ፕሮግራሙ የሠራውን በሚጽፍበት ፋይል) መያዝ ይገባል።

«የታጎቹ ስም በአማርኛ ቢሆንም ችግር የለም»

ችግር ባይኖር ምኞቴ ነበር። ጸሐፊው «ዩኒኮድ ስለሆነ ሁሉም ያነበዋል» ያሉበት ይህ ነጥብ ለእኛ ከሁሉም በላይ የሚመለከተን ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ዩኒኮድ ለዓለም ቋንቋዎች ፊደላት ቁጥር የሚሰጥ የጋራ መዝገብ ነው።

ኤክስኤምኤል 1.0 የጸደቀው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1998 ነው። በታግ ስም ውስጥ ሊገቡ የሚችሉት ፊደላት ዝርዝር የተወሰደው በጊዜው ከነበረው ዩኒኮድ 2.0 ነበር። የግእዝ ፊደል ደግሞ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ3.0 እትም፣ በ1999 ነው። በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ልዩነት ፊደላችን ከዝርዝሩ ውጭ ቀረ። ይዘት ሆኖ ለመጻፍ ከመጀመሪያውም ተፈቅዶለታል፤ የተዘጋበት ስም መሆን ነው። ይህን ለማረም ኤክስኤምኤል 1.1 በ2004 ወጣ፤ ብዙዎች ግን አልተቀበሉትም። በኖቬምበር 2008 የኤክስኤምኤል 1.0 አምስተኛ እትም የስም ደንቡን ሰፋ አድርጎ ከፈተው። በደንቡ መሠረት ከዚያ ወዲህ <ስም> ሕጋዊ ታግ ነው።

ደንቡ ቢለወጥም ፓርሰሮቹ ሁሉ አብረውት አልሄዱም። ሊብኤክስኤምኤል 2 የተባለው ፓርሰር አምስተኛውን እትም ይከተላል። ኤክስፓት የተባለው ሌላው ፓርሰር ግን እስከ ዛሬ የሚከተለው አራተኛውን ነው፤ ፓይተን ኤክስኤምኤል የሚያነበው በኤክስፓት ነው። ስለዚህ በፓይተን ኤለመንትትሪ የአማርኛ ታግ ያለው ፋይል ጽፋችሁ በዚያው ላይብረሪ መልሳችሁ ለማንበብ ብትሞክሩ አይነበብም። ስትጽፉ አይከለክላችሁም፤ ስታነቡ ይከለክላችኋል። ዶትኔትም በአራተኛው እትም ላይ ነው። የጃቫው አብሮ አደግ ፓርሰር በበኩሉ ፋይሉ 1.1 ነኝ ካላለ በስተቀር የግእዝ ታግ አይቀበልም።

ስለዚህ ፋይሉ ከቤታችሁ የሚወጣ ከሆነ የታግ ስሞችን በአጭር የላቲን ፊደል አድርጓቸው፤ የአማርኛውን መጠሪያ በስኪማው (የፋይሉን ቅርጽ በሚደነግገው ሰነድ) ማብራሪያ ውስጥ፣ ወይም በአትሪቢዩት ዋጋነት አስቀምጡት። እዚያ ማንም ፓርሰር አይከለክለውም። ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ አይደለም። በራሳችን ፊደል የተሰየመ ታግ በየትኛውም ፓርሰር እንዲነበብ መጠየቅ መብታችን ነው፤ የእነዚህ ላይብረሪዎች ኮድ ለሁሉም የተከፈተ ስለሆነ ሥራውን የሚሠራ የእኛ ሰው ቢነሳ እሰየው ነው። እስከዚያው ግን የአንድ ክልል ጤና ቢሮ ሪፖርት መሞከሪያ መሆን የለበትም።

ስምን በቀጥታ ከኮለም መውሰድም ሌላ መዘዝ አለው። ክፍት ቦታ ያለው ወይም በቁጥር የሚጀምር የኮለም ስም ታግ መሆን አይችልም። ኮለሙ ነገ ስሙ ሲቀየርም የተቀባዩ ፕሮግራም ይሰበራል። የፋይሉ ቅርጽ ውል ነው፤ ውሉ ከዳታቤዙ የውስጥ አሠራር ተለይቶ መጻፍ አለበት።

«አማርኛውን ወደ ቁጥር ኮድ ለውጡት»

አበበ የሚለው ስም በዚህ ምክር መሠረት &#4768;&#4704;&#4704; ይሆናል። ለፓርሰሩ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ሕጋዊም ነው። በዩቲኤፍ 8 (በተለመደው የዩኒኮድ ኢንኮዲንግ) ግን ስሙ 9 ባይት ሲይዝ በቁጥር ኮድ 21 ባይት ይወስዳል። ፋይሉን ከፍቶ የሚፈትሽ ሰው የሚያየው ቁጥር ብቻ ነው፤ አበበን ፈልጎ አያገኘውም። ፋይሉ በመንገዱ ላይ አንድ ጊዜ ተጨማሪ መተካት ቢደርስበት ደግሞ &ው ተተክቶ ቁጥሩ ራሱ የሰውዬው ስም ሆኖ ይቀራል። በአንዳንድ ድረ ገጾች ላይ ስማችን በቁጥርና በሴሚኮለን ተሞልቶ የምናየው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ ሰው ሳያውቀው ወደዚህ የሚገባው በፓይተን ነው፤ ኤለመንትትሪ ኢንኮዲንግ ካልተነገረው የእንግሊዝኛ ፊደላትን ብቻ በሚያውቀው በአስኪ ስለሚጽፍ ፊደሉን ሁሉ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ዩቲኤፍ 8 ብሎ መንገር ብቻ ይበቃል።

ጸሐፊው የቁጥር ኮዱን ያመጡት አማርኛው ወደ ጥያቄ ምልክት እየተለወጠ ስላስቸገራቸው እንደሆነ ከጽሑፉ ይገባኛል። የጥያቄ ምልክቱ ግን የሚመጣው ከኤክስኤምኤል አይደለም። ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው። አንደኛው ከማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ጋር ያለው ግንኙነት የግእዝ ፊደል በሌለው ኢንኮዲንግ፣ በላቲን 1፣ መከፈቱ ነው፤ ዳታቤዙ ፊደሉን በዚያ መላክ ስለማይችል ? ይልካል። ሁለተኛው በኤስኪውኤል ሰርቨር ኮለሙ ዩኒኮድ የሚይዘው ኤንቫርቻር ሳይሆን ተራ ቫርቻር መሆኑ ነው። ሦስተኛው ጃቫ ነው፤ በ2022 ከወጣው ጃቫ 18 በፊት ፋይል ራይተር ኢንኮዲንግ ካልተነገረው የማሽኑን ነባሪ ይወስዳል፤ የፋይሉ አናት ዩቲኤፍ 8 ይላል፤ ውስጡ ግን በሌላ ይጻፋል፤ የማይችለውን ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። አንዴ ? ሆኖ የተጻፈ ፊደል ምን እንደነበር ከፋይሉ ማወቅ አይቻልም። መጠገን ያለበት ምንጩ ነው።

እዚህ ላይ የጉራጌን ፊደላት ላንሳ። በ2021 በወጣው ዩኒኮድ 14 የገቡት ተጨማሪ የጉራጌ ፊደላት በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዳቸው 4 ባይት ይይዛሉ፤ የማይኤስኪውኤል አሮጌው ዩቲኤፍ 8 ከ3 ባይት በላይ አይችልም። ዛሬ አማርኛ በትክክል ስለወጣላችሁ ብቻ ሁሉም የአገራችን ጽሑፍ ይወጣል ብላችሁ አትደምድሙ።

ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግእዝ ፎንቶች የተሞላ አሮጌ ዳታቤዝ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ሥራ ነው። በስክሪን ላይ አማርኛ የሚመስለው ከስር የላቲን ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ ስለሆነ፣ የትኛው ፎንት እንደነበር ታውቆ በልወጣ ሠንጠረዥ ወደ ዩኒኮድ ካልተመለሰ ተቀባዩ የሚያገኘው ትርጉም የለሽ ምልክት ነው።

«ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር»

ለተጠቃሚው ስክሪን ትክክል ነው። ለፋይሉ ግን አደገኛ ነው። የኤክስኤምኤል ስኪማ የቀን ዓይነት የሚያውቀው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ነው። ጳጉሜ 6 ቀን 2015 በ2015-13-06 መልክ ከተጻፈ 13ኛ ወር ስለሌለ ይጣላል፤ ጥቅምት 30ም 02-30 ስለሚሆን ይጣላል። የሚጣለው እንኳ ይታወቃል። የሚያስፈራው የሚያልፈው ነው። ጥር 12 ቀን 2016 በ2016-05-12 መልክ ሲገባ ተቀባዩ ምንም ሳይጠራጠር ሜይ 12 ቀን 2016 ብሎ ይመዘግበዋል። ትክክለኛው ጃንዋሪ 21 ቀን 2024 ነበር። የሕፃን የልደት ቀን ቢሆን ልጁ የስምንት ዓመት ገደማ ዕድሜ ተጨምሮበት ከክትባት ዝርዝር ይወጣል፤ የብድር መክፈያ ቀን ቢሆን ደንበኛው ሳይውል ሳያድር ባለዕዳ ይሆናል። በሥራዬ እንዲህ ያሉ መዝገቦችን ስታርም የዋለች የጤና መረጃ ባለሙያ አውቃለሁ፤ የትኛው ቀን በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ከፋይሉ መለየት ስላልቻለች ወደ ወረቀቱ ካርድ መመለስ ግድ ሆኖባታል።

በቀን ኤለመንቱ (በመክፈቻና በመዝጊያ ታግ በታጠረው ክፍል) ውስጥ የጎርጎርዮሱን አስገቡ። የኢትዮጵያው ቀን ራሱ ማስረጃ ከሆነ፣ ለምሳሌ ካርዱ ላይ የተጻፈው እርሱ ከሆነ፣ ስሙ በግልጽ በተነገረ ሌላ ኤለመንት እንደ ጽሑፍ ይቀመጥ። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ወደ ፋይሉ ሲገባ 08:00:00+03:00 መሆን አለበት፤ ከዓለም ሰዓት ያለንን ልዩነት የሚነግረውን +03:00 ደግሞ አትተዉ፤ ተቀባዩ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ሊሆን ይችላል።

ገንዘብን በተመለከተ አጭር ነገር ልጨምር። 1,250.00 ሳይሆን 1250.00 ነው የሚጻፈው፤ በሺህ መለያ ነጠላ ሰረዝ የተጻፈ ቁጥር ለስኪማው ቁጥር አይደለም።

«ባዶውን ባዶ ተዉት»

ያልተለካ የደም ግፊትና ተሰርዞ ባዶ የተተወ ማስታወሻ አንድ አይደሉም። ዳታቤዙ ናል (ዋጋ የለም) እና ባዶ ስትሪንግ ብሎ ይለያቸዋል፤ ፋይሉም መለየት አለበት። ስኪማው ለዚህ ኒል የሚባል አትሪቢዩት አለው። ኤስኪውኤል ሰርቨርም ሆነ ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ራሳቸው ኤክስኤምኤል ሲያወጡ ይህን እንዲጽፉ ማዘዝ ይቻላል። ኤለመንቱን ጨርሶ መተውም ይቻላል፤ ትርጉሙ ከተቀባዩ ጋር ከተስማማችሁበት።

«ሁሉንም በአንዴ አምጡ፣ ካልበቃ በገጽ ከፋፍሉ»

የመጀመሪያው ግማሽ ሰርቨር ይገድላል። መዝገቡን በሙሉ ሊስት ውስጥ ሰብስቦ፣ ከዚያ የኤክስኤምኤሉን ዛፍ (የኤለመንቶቹን ተዋረድ) ሜሞሪ ላይ ገንብቶ፣ ከዚያ ወደ ስትሪንግ ለውጦ መጻፍ አንዱን ዳታ ሦስት ጊዜ መሸከም ነው፤ ዛፉ ደግሞ ከጽሑፉ ብዙ እጥፍ ይከብዳል። ረድፍ እያነበቡ ረድፍ የሚጽፉ መሣሪያዎች አሉ፤ የጃቫው ስታክስ፣ የዶትኔቱና የፒኤችፒው ኤክስኤምኤል ራይተር እንዲሁ ናቸው። አንድ ሚሊዮን መዝገብ ሲያልፍም ሜሞሪው ብዙም አይነቃነቅም።

ይሁን እንጂ ፋይሉን የሚጽፈውን መሣሪያ ብቻ መቀየር አይበቃም፤ ወጥመዱ ከዳታቤዙ በሚያነበው በኩልም አለ። የማይኤስኪውኤልና የፖስትግሬስኪውኤል የጃቫ ድራይቨሮች (ጃቫን ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኙ ፕሮግራሞች) ካልተነገራቸው የኪውሪውን ውጤት በሙሉ ወደ ሜሞሪ ያመጣሉ። በፖስትግሬስኪውኤል አውቶኮሚትን (እያንዳንዱን ትእዛዝ ወዲያው የሚያጸድቀውን) ማጥፋትና የፌች መጠን (በአንድ ጊዜ የሚመጣውን የረድፍ ብዛት) መስጠት ያስፈልጋል። በፓይተኑ ድራይቨር በሳይኮፒጂም ስም የተሰጠው የሰርቨር ከርሰር (ውጤቱን በየጥቂቱ የሚያመጣ) ካልተጠቀማችሁ እንደዚያው ነው። ሁሉን ለዳታቤዙ ልተወው ብሎ ኪውሪ ቱ ኤክስኤምኤል የተባለውን የፖስትግሬስኪውኤል ፈንክሽን የሚጠራም ይጠንቀቅ፤ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን ውጤቱን ሁሉ አንድ ዋጋ አድርጎ ስለሚመልስ ከ1 ጊጋባይት ማለፍ አይችልም።

በገጽ መከፋፈሉ ደግሞ ሳይታይ መዝገብ ያጠፋል። በሊሚትና በኦፍሴት (ስንት መዝገብ ይምጣ፣ ስንቱ ይዘለል በሚሉት) ሺህ ሺህ እያደረጋችሁ ስታመጡ፣ የመጀመሪያው ገጽ ከተጻፈ በኋላ አንድ ሰው ከዚያ ገጽ አንድ መዝገብ ቢሰርዝ የተቀሩት ሁሉ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ይጠጋሉ። በሁለተኛው ገጽ መጀመሪያ ላይ መገኘት የነበረበት መዝገብ አሁን በመጀመሪያው ገጽ መጨረሻ ላይ ነው፤ ያ ገጽ ግን ተጽፎ አልፏል። ያ ሰው ፋይሉ ውስጥ የለም። ስህተት የሚል መልእክትም አይመጣም። ኦርደር ባይ (የመደርደሪያ ትእዛዝ) ከሌለ ደግሞ ማንም ሳይሰርዝ እንኳ ቅደም ተከተሉ ከገጽ ገጽ ሊለያይ ይችላል።

ኤክስፖርቱ የአንድ ቅጽበት ምስል መሆን አለበት። በፖስትግሬስኪውኤል ነባሪው የትራንዛክሽን (እንደ አንድ ሥራ የሚቆጠሩ ትእዛዞች) ደረጃ እያንዳንዱ ኪውሪ የራሱን ቅጽበት እንዲያይ ስለሚያደርግ፣ ወደ ሪፒተብል ሪድ (ሁሉም ኪውሪ አንድ ቅጽበት ወደሚያይበት ደረጃ) ከፍ አድርጎ ሁሉንም በአንድ ትራንዛክሽን ማንበብ ያስፈልጋል። የፖስትግሬስኪውኤሉ መሣሪያ ፒጂ ደምፕ ባክአፕ ሲይዝ የሚያደርገውም ይኸንኑ ነው። በማይኤስኪውኤሉ ማከማቻ በኢኖዲቢ ደረጃው ቀድሞውኑ ሪፒተብል ሪድ ነው፤ ትራንዛክሽኑን መክፈት ግን የእናንተ ፋንታ ነው። የግድ በክፍል ማምጣት ካለባችሁ በኦፍሴት ሳይሆን «ከመጨረሻው መለያ ቁጥር የሚበልጡትን» እያላችሁ አምጡ።

ታካሚና ጉብኝቶቹን የመሰለ አባትና ልጅ መዝገብ ሲሆን ለእያንዳንዱ ታካሚ ሌላ ኪውሪ መላክ አያስፈልግም። ሁለቱን በጆይን አገናኝቶ በታካሚ መለያ ደርድሮ፣ መለያው ሲቀየር የቀድሞውን ኤለመንት ዘግቶ አዲስ መክፈት ይበቃል። ፋይሉን በጊዜያዊ ስም ጻፉና የመጨረሻው ታግ ከተዘጋ በኋላ ብቻ ትክክለኛውን ስም ስጡት፤ ያልተጠናቀቀውን ማንም አያነሳውም።

«ሰ እና ሠን አንድ አድርጉ»

ይህን ሳነብ አዘንኩ። ለፍለጋ ተብሎ ፊደላቱን አንድ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ለዚያ የተለየ የፍለጋ ኮለም ይሠራል። ኤክስፖርት ግን ያየውን የሚናገር ምስክር ነው። አንዲት ሴት በልደት የምስክር ወረቀቷ፣ በዲግሪዋና በፓስፖርቷ ላይ ሠናይት ተብላ ከተጻፈች ፋይሉ ሰናይት የማድረግ ሥልጣን የለውም። ተቀባዩ ፊደል በፊደል የሚያመሳስል ፕሮግራም ካለው እርስዋ ሌላ ሰው ሆና ትቀራለች። የተለወጠውን መመለስም አይቻልም፤ የትኛው ሰ ቀድሞ ሠ እንደነበር ፋይሉ አያውቅም።

«በብራውዘር ከተከፈተ አልቋል»

ብራውዘር የሚነግራችሁ ታጎቹ በሥርዓት መከፈትና መዘጋታቸውን ነው። መዝገብ መቅረቱን፣ ቀን መሳሳቱን፣ ስም ወደ ጥያቄ ምልክት መለወጡን አይነግራችሁም። ፋይሉን በሌላ ፓርሰር፣ ቢቻል ተቀባዩ በሚጠቀምበት፣ መልሳችሁ አንብቡት። በስኪማ አስፈትሹት። የኤለመንቶቹን ብዛት በዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ ከተቆጠረው የረድፍ ብዛት ጋር አመሳክሩ፤ የገንዘብ ኮለም ካለ ድምሩንም።

ከዚህ ሌላ በሙከራ ዳታቤዙ ውስጥ ሆን ተብለው የተዘጋጁ መዝገቦች ሁልጊዜ ይኑሩ። አንዱ & እና < ያለበት የድርጅት ስም ይያዝ፤ አንዱ ]]> ያለበት ማስታወሻ፤ አንዱ ከዎርድ የተለጠፈ ኮድ 11 ያለበት ጽሑፍ፤ አንዱ ጳጉሜ 6 የተወለደ ሰው፤ አንዱ ናል የሆነ ስልክ፤ አንዱ ባዶ የሆነ ስልክ፤ አንዱ በሠ የተጻፈ ስም፤ አንዱ 4 ባይት የሚይዝ የጉራጌ ፊደል። ኮዱ በተነካ ቁጥር እነዚህ ወጥተው፣ ተመልሰው ተነበው፣ ከዳታቤዙ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከሩ። ኮድ 11 ካለበት መዝገብ በስተቀር ሁሉም እንዳሉ መመለስ አለባቸው፤ እርሱ ደግሞ በተስማማችሁበት ምትክ ተመልሶ መለያ ቁጥሩ ሎጉ ላይ መገኘት አለበት። ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የሚያድሱት ከሆነ ይህን ዝርዝር ሳይጠይቁ መውሰድ ይችላሉ፤ የምሳሌ ኮዳቸውንም አብሬያቸው ለመጻፍ ፈቃደኛ ነኝ።